መንገዱ ተነጠፈ፤ ክረምቱን የሚችል ብስክሌትስ?

አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ በዚህ ስፋት አይታው የማታውቀውን ነገር አግኝታለች፤ ከመኪናው አስፋልት የተለየ የብስክሌት መንገድ። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው፣ ከተማዋ ነዋሪዋን ቀስ በቀስ ወደ ብስክሌት እየገፋችው ነው ቢል አይፈረድበትም። ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ ለሚጉላላ ሠራተኛ መገፋቱ ባልከፋ። ችግሩ ሌላ ነው። መንገዱ የተሠራው ለአሥራ ሦስቱም ወር ነው፤ ብስክሌቱስ የሚነዳው ለስንቱ ነው?

እንደሚታወቀው ክረምታችን ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ጠርቶ የነበረ ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁርና ልክ ሰው ከሥራ ሲወጣ ዶፉን ይለቀዋል። ከተማዋም ሜዳ አይደለችም። ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ወደ ደቡብ የምትወርድ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በዝናብ የሚወርድ ብስክሌተኛ፣ ከፊቱ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ሲቆም ሕይወቱ የተንጠለጠለችው በፍሬኑ ላይ ነው።

ታዲያ ወጣቱ ብስክሌት ሲመኝ የሚመኘው የትኛውን ነው? ኮርሳ! ስሙን ከጣልያንኛ የወረስንለት፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈው የውድድር ብስክሌት ነው። ምኞቱ አይገርምም፤ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው በእንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት ነው።

የታጠፈ መሪ ለእሽቅድምድም እንጂ ለሥራ መመላለሻ አይሆንም የሚሉ አሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። የታጠፈ መሪ ቢያንስ በሦስት ቦታ ያስይዛል፤ ከላይ፣ ከፍሬኑ እጀታ ላይ፣ ከታች። ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው አያያዝ መለዋወጥ እጅና ወገብን ያሳርፋል፤ ነፋስና ዝናብ ከፊት ሲመጣ ጎንበስ ያሰኛል፤ ከማውንቴን ብስክሌት ሰፊ መሪ ይልቅም በጠባብ ቦታ ያሳልፋል። ጥፋቱ ያለው ከመሪው ጋር ተያይዘው በሚመጡት ነገሮች ላይ ነው። የተለመደው ኮርሳ ጎማው ከ23 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን፣ ፓራፋንጎ ማስገቢያ ክፍተት የሌለው፣ ፍሬኑም ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ የሚይዝ ነው።

ይህ የቸርኬ ፍሬን በበጋ እንከን አይወጣለትም። በዝናብ ግን ላስቲኩ መጀመሪያ ከቸርኬው ላይ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ እስኪጠርግ ድረስ ብስክሌቱ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ከጭቃው ጋር የሚመጣው አሸዋም በላስቲኩና በቸርኬው መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ዲስክ ፍሬን ከመሃል፣ ከመንገዱ ውሃና ጭቃ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ይህ ጣጣ ይቀልለታል። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለጎዳና ውድድር ሙሉ በሙሉ የፈቀደው ገና በ2010 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ያገለገለ ኮርሳ የሚገዛ ሰው ዲስክ ላያገኝ ይችላል። ዲስኩም ሁለት ዓይነት ነው፤ በዘይት ግፊት የሚሠራና በሽቦ የሚጎተት። የዘይቱ ይበልጣል ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዘይቱን ለመቀየርና አየሩን ለማስወጣት ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። የሽቦውን ግን የሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ በመፍቻ ያስተካክለዋል። ለእኛ ሁኔታ ምርጫው የሽቦው ነው።

ወደ ፓራፋንጎ እንምጣ። ወጣቶቻችን ገዝተው መጀመሪያ የሚፈቱት እርሱን ነው፤ መልኩን ያበላሻል ብለው። ፓራፋንጎ የሌለው የኋላ ጎማ የጭቃ መስመር ከወገብ እስከ ማጅራት ያሰምራል፤ የፊተኛው ጫማንና ካቴናን ያጥባል። እንዲህ ሆኖ ቢሮ ወይም ክፍል የሚገባ ሰው በማግስቱ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለሳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከቴላዮው ጫፍ፣ ጎማው ከሚታሰርበት አጠገብ የፓራፋንጎ ብሎን መግቢያ ቀዳዳ መኖሩን ማየት ግድ ነው። ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጎማ ከፓራፋንጎ ጋር ማስገባት አለበት። ባለፉት ዓመታት ግራቭል በሚል ስም የተስፋፉት ባለታጠፈ መሪ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ይህን ያሟላሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ከብስክሌት የሚጠይቀው የሚሠራ ፍሬን፣ ደወል፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ እንዲሁም መብራት የሚያበሩ መሣሪያዎችን ነው። ስለ ፓራፋንጎ ቃል የለውም። ሕግ አውጪ የሚያስበው ለሌላው መንገደኛ ደኅንነት እንጂ ለብስክሌተኛው ሱሪ አይደለምና አይፈረድበትም። ለሱሪው ማሰብ ያለበት መንገዱን የነጠፈው አካልና አሠሪው ነው። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ዝናብ ሲዘንብ ኩሬ የማይሆን የመንገድ ዳር፤ እነዚህ ከአስፋልቱ ጋር ሲወዳደሩ ርካሽ ናቸው። በመንገዱ ላይ የሚቀባው ቀለምና የፍሳሽ ጉድጓድ ብረት ክዳንም ሲረጥቡ እንደሚያንሸራትቱ ከወዲሁ ቢታሰብበት መልካም ነው፤ ብስክሌተኛው በእነርሱ ላይ ሲያልፍ መሪውን ማጠፍም ፍሬን መያዝም የለበትም።

እስከዚያው ግን ገዢው ራሱን ይጠብቅ። ከሱቁ ሳይወጡ በሁለቱም ቸርኬዎችና ፍሬኖች ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሰው፣ መኪና በሌለበት ቦታ ቀስ ብለው እየነዱ ፍሬኑን ይያዙት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ቀጥሎ ያለውን ሱቅ ይጠይቁ።