የተሸነፈ ቡድን ይፍረስን?

በዚህ ዓመት የክፍላችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከሌሎች ክፍሎች ጋር ባደረገው ግጥሚያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ መቅረቱን የማያውቅ የለም። እኔም ከተጠባባቂዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ ሳቁንም ፉጨቱንም ከቅርብ ሰምቼዋለሁ። ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ ሁለት ጓደኞቻችን ቡድኑን ተዉ፤ እኔም ማልያዬን ለመመለስ አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀምጬ ነበር። አሁንም «እንዲህ ያለ ቡድን ምን ያደርጋል? ይፍረስ» የሚሉ አሉ። በዚህ አሳብ የማልስማማበትን ምክንያት ለመግለጽ እወዳለሁ።

በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና በምትባል ከተማ ካልቴክ የሚባል ከፍተኛ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት አለ። የኖቤል ሽልማት ያገኙ ብዙ ሊቃውንት የተማሩበትና ያስተማሩበት ነው። የወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2011 ድረስ በሚወዳደርበት የኮሌጆች ማኅበር ውስጥ በተከታታይ 310 ጊዜ ተሸነፈ። በዚህ መካከል ስንቱ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ተጫውቶ፣ በማኅበሩ ውስጥ አንድ ድል ሳያይ ዲግሪውን ተቀብሎ ሄደ!

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤ ኳስ ስለሚችል ብቻ የሚቀበለው ተማሪ የለም፤ ስለ ስፖርት ተብሎ የሚሰጥ የትምህርት ገንዘብም የለም። ቢሆንም ቡድኑን አላፈረሰም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 የዓመቱ መጨረሻ ግጥሚያ ነበር። ከኦክሲደንታል ኮሌጅ ጋር ተጫውተው፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ሲቀር በገባ የቅጣት ውርወራ 46 ለ45 አሸነፉ። ያን ማታ የተጫወቱት ልጆች የሽንፈቱ ዘመን ሲጀምር ገና አልተወለዱም ነበር። በዚያ ዓመት እንኳ በማኅበሩ ውስጥ ያገኙት ድል ይኸው አንዱ ብቻ ነው፤ 13 ጊዜ ተሸንፈዋል። ሆኖም ቡድኑ አስቀድሞ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ያን ማታ የሚያሸንፍ ባልተገኘም ነበር።

ይህን ስል ሽንፈትን ማመስገኔ አይደለም። እኛ የተሸነፍነው ዕድል ስለ ከዳን ሳይሆን በግጥሚያው ዋዜማ ብቻ ስለምንለማመድ ነው። ሳይለማመዱ ድል መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መስተካከል ያለበትም ይኸው ነው እንጂ ቡድኑ መፍረሱ ምንም አያስተምረንም። ፈተና የወደቀ ተማሪ ደብተሩን ያቃጥላልን?

ስለዚህ መምህራኖቻችን በሳምንት ሁለት ቀን የልምምድ ጊዜ እንዲፈቅዱልን፣ ወላጆቻችንም ማታ ስንገባ «አሸነፋችሁ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ተለማመዳችሁ ወይ?» ብለው እንዲጠይቁን፣ የክፍል ጓደኞቼም የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ ከሜዳው እንዳይሄዱ እለምናለሁ። እኔም ማልያዬን አልመለስሁም፤ በሚመጣው ዓመት ለመጫወት ስሜን አስመዝግቤአለሁ።