ለወፏ እንባ፣ ለዓሣው ሹካ

እዚህ ለንደን አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠን፣ ወዳጄ አልባትሮስ የተባለችው የባሕር ወፍ የዓሣ መንጠቆ ውጣ ስትሰምጥ በቴሌቪዥን አይቶ ሆዱ እንደተላወሰ ያጫውተኛል። ማዘኑ ደግ ነው። ይህን የሚነግረኝ ግን በቅቤ የተጠበሰ የስኬት ክንፍ እየቆረጠ ነበር።

ስኬት እንግሊዞች ለጠፍጣፋው፣ ጅራተ ረጅሙ ዓሣ ያወጡለት ስም ነው። ለአማርኛ ጆሮ ምፀት ይመስላል፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው ትልቁ ዓይነት ከአየርላንድ ባሕር መጥፋቱ በሳይንስ መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1981 ነውና።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩልኝ። በደቡብ አትላንቲክ፣ በጎፍ ደሴት ጎጆዋን የምትሠራው ትሪስታን አልባትሮስ በሁለት ዓመት አንድ ዕንቁላል ብቻ ትጥላለች። ዓሣውም ለአካለ መጠን እስኪደርስ አሥር ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ዕንቁላሉ ደግሞ እስኪፈለፈል ዓመት ተኩል ገደማ ከባሕር ወለል ላይ ይቆያል። ሁለቱም በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ወፏ ትበራለች፤ ጥንዶቹ ሲጨፍሩ ካሜራ ይወዳቸዋል። ስለዚህ ለእርሷና ለመሰሎቿ ከመርከብ ኋላ የሚርገበገብ ማስፈራሪያ ክር ተዘረጋ፤ መንጠቆው በሌሊት እንዲጣል ተደረገ፤ ጫጩቶቿን በሕይወት ሳሉ የሚበሉትን አይጦች ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2021 ሄሊኮፕተር ሳይቀር ወደ ጎፍ ተላከ። አይጦቹ አልጠፉም፤ ሙከራው ግን ይመሰገናል።

ለዓሣውስ? ለብዙ ዓመታት በየወደቡ ትልቁም ትንሹም «ስኬትና ሬይ» ተብሎ በአንድ ላይ ተመዘነ። ትልቁ ሲያልቅ ትንሹ ቦታውን ሞላ፤ የመዝገቡም ድምር ደህና መሰለ። ሊቃውንቱ ራሳቸው አንድ ዓይነት ሲሉት የኖሩት ዓሣ ሁለት መሆኑን የተረዱት እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ነው! በስሙ ያልተቆጠረ ፍጡር ሲያልቅ ማን ያውቃል? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓሣውን ወደብ ማውረድ ከልክሏል፤ መረብ ግን ሕግ አያነብም።

«ከወፏ ቀምተን ለዓሣው እንስጥ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። «አጥማጁስ ምን ይብላ?» የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ከስካይ ደሴት አጠገብ ዕንቁላሉ የሚገኝበትን ስፍራ ለይታ ዘጋች፤ ባሕሩን ሁሉ አልዘጋችም። እንዲህ ያለው ይብዛ። በገበያውም ጥቅል ስም ቀርቶ የእያንዳንዱ ዓይነት ስም ይጻፍ።

ወዳጄን «የበላኸው የትኛውን ነው?» አልኩት። አስተናጋጁን ጠራ። አስተናጋጁ ወጥ ቤት ገብቶ ጠየቀና ተመለሰ፤ «ስኬት ነው» አለን።