ያልተፈተኑትን ማን ይቁጠራቸው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተገለጸ ቁጥር መቶኛ እየጠቀሱ የሚደሰቱና የሚያዝኑ ወገኖችን ስሰማ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ከስንቱ ላይ ነው መቶኛው የሚሰላው?

በ2014 ዓ/ም የተፈተኑት 896,520 ነበሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ። በ2015 ዓ/ም 845,099 ተፈትነው 3.2 በመቶ አለፉ። በ2016 ዓ/ም 674,823 ተፈትነው 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ/ም ደግሞ 585,882 ተፈትነው 8.4 በመቶ። ያለፉት ከ29,909 ወደ 48,929 ማደጋቸውን አልክድም፤ ኩረጃን ለመግታት የተደረገውንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የተፈታኞቹን ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከተው። በሦስት ዓመት ከፈተናው አዳራሽ የጎደሉት ከ300 ሺህ ይበልጣሉ! ሁሉም ትምህርት ያቋረጡ ናቸው ብዬ አልከራከርም። የት እንደ ገቡ ሳይነገረን ግን በመቶኛው እንድንደሰት መጠየቃችን ይገርመኛል።

ነገሩን ወደ ምዕራብ ወለጋ፣ ወደ ቦጂዋ ቢላ ልውሰደው። የቦጂ ምድር ለፊደል ባዳ አይደለችም። ከኤርትራ የመጣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘማቴዎስ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ያስተማረው በዚያ ነው። የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ የኦሮምኛ ፊደል መማሪያ እ.ኤ.አ. በ1894 ምጽዋ አጠገብ ታተመ፤ እነርሱም በ1904 ወለጋ ገቡ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክን ትምህርት ቤት እንኳ ገና አላየችም ነበር።

የዚህ አገር ልጅ ምን ገጠመው? በ2012 ዓ/ም አሥረኛ ክፍል የነበረን የወለጋ ተማሪ አስቡት። ከታኅሣሥ ማገባደጃ እስከ መጋቢት ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ከረመ። መስመሩ ሊመለስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደግሞ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከዚያም በኋላ ግጭቱ ቀጠለ። ቡና ሲደርስ ደብተሩን አስቀምጦ ለለቀማ መውጣቱ የቆየ ነው፤ እርሱንስ ወላጆቹም ያውቁታል። ይህን ሁሉ አልፎ፣ ቀዬውን ለቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የተፈተነውን ልጅ «ወደቀ» ብለን እንጽፈዋለን። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቀረችው እኅቱ ግን አልወደቀችም፤ አልተፈተነችማ!

በ2015 ዓ/ም 1,328፣ በ2016 ዓ/ም 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ። ቁጥሩ እንደ ወንጀል መዝገብ ሲነበብ ሰማን። እንዲህ ባለው ሚዛን ደካማ ተማሪዎቹ ጥለውት የሄዱበት ትምህርት ቤት ጎበዝ መስሎ ይታያል። እስከ መጨረሻው ይዟቸው የዘለቀው ግን ያፍራል። ርእሰ መምህሩ ከዚህ ምን እንዲማር ነው የምንፈልገው?

እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም ንጹሓን አይደለንም። አንባቢ ጠፋ እያልን በየመድረኩ እናለቅሳለን። አንባቢው የጠፋው ከመጻሕፍት መደብር ደጃፍ ይመስለናል፤ ከየገጠሩ የመማሪያ ክፍል ወንበር ላይ ሲጠፋ ማናችን አየነው?

የትምህርት ሚኒስቴር ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መቶኛ ጎን ሌላ ቁጥር ይጻፍልን፤ ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል የተመዘገቡት ስንት ነበሩ? የቢላም ይጻፍ፣ የነቀምቴም ይጻፍ፣ የአዲስ አበባም ይጻፍ። ስለ ውድቀት የምንነጋገረው ያን ጊዜ ነው።