ባሕር ዛፍና ጽድ

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ወዳጄ ጋር ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣ ብለን ነበር። ከጽዶቹ ሥር የፊልም ቡድን ሥራ ላይ ነው። ወጣቱ ተንበርክኮ ቀለበት ያቀርባል፤ ልጅቷ ፊቷን ታዞራለች፤ «እንደገና!» ይባላል። ወዳጄ «ይኸው ሌላ የፍቅር ኮሜዲ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሕዝብ የሚወደው ፊልም ከጥበብ ጋር የግድ ይጣላል ያለው ማነው?

በአገራችን ይህ ክርክር ሁለት ጎራ አለው። አንደኛው «ተመልካቹ የሚፈልገው ሳቅ ነው» ይላል። ሌላኛው ደግሞ ወረፋ የተሰለፈለትን ፊልም ሁሉ ይንቃል። በእኔ እምነት ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ተመልካቹን አሳንሰው ያያሉ።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» እንውሰድ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊና የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ልጅቷን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር፤ ይህን ቀዳዳ የዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ የያዘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ያገኘው የተመልካቾችን ሽልማት ነው። ድምፅ የሰጡት ትኬት ይዘው የገቡ ሰዎች ናቸው። የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት»ም በ2019 የካንን ከፍተኛ ሽልማት ወስዶ፣ በአገሩ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ስቧል።

ታዲያ እኛ ዘንድ ለምን አልበዛም? ችግሩ የባለሙያው ስንፍና ብቻ አይደለም። ፕሮዲዩሰሩ ከራሱ ኪስ ወይም በብድር ያወጣውን ገንዘብ በአጭር ጊዜ መመለስ አለበት። በዚህ ላይ የተሰረቀ ቅጂ ይሻማዋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፊልም ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን መብት በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ዋስትና አይሆንም። ዋስትና የሌለው ሰው ደግሞ የተሞከረውን ይደግማል። ዛሬ ብዙው ፊልም ወደ ዩቲዩብ ሲያመራ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል።

ጽዶቹን እያየሁ ባሕር ዛፍን አሰብኩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ ደርሳ ነበር፤ ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው። በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የገበያ ፊልሞችም ለሲኒማ ቤቶቻችን እንዲሁ ነበሩ፤ በአማርኛ ፊልም አዳራሽ መሙላት እንደሚቻል አሳዩ። ስለዚህ ውለታቸውን መርሳት አይገባም።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ብቻውን ደን አይሆንም። ጉለሌ ላይ ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ቦታ የሚያገኙት አስቦ የሚተክልና ዓመታት የሚጠብቅ ስላለ ነው። ፊልማችንም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሕጉን የሚያስፈጽም ተቋም፣ ለመጀመሪያ ሥራ የሚደፍር ገንዘብና ተመልካቹን የሚያከብር ጸሐፊ። ያን ጊዜ ከጽዱ ሥር የተንበረከከው ወጣት ቀለበቱን እንዳቀረበ ሆኖ፣ ስለ ራሳችን አንድ እውነት ሊነግረን ይችላል።