ከመቁረጥ በፊት አምሳያ

ባለፈው ሳምንት የሜትር አነባበብን አይተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ይህ ዕውቀት ለአናጢውና ለደንበኛው ምን እንደሚጠቅም እንይ።

አንድ ገበሬ ቁም ሣጥን አዘዘ እንበል። «ሰፋ ያለ ይሁን» ይላል። አናጢውም «እሺ» ብሎ ቀብድ ይቀበላል። ግን ሰፊ ማለት ለአንዱ 1 ሜትር ነው፤ ለሌላው 1 ሜትር ተኩል ነው። ዕቃው ሲያልቅ «እኔ ያዘዝኩት ይህን አይደለም» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። ጣውላው ግን ተቆርጧል። የተቆረጠ ጣውላ ደግሞ አይረዝምም። የአንዱ ገንዘብ፣ የሌላው ድካም ከንቱ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አስቀድሞ ትንሽ አምሳያ መሥራት ነው። ሞዴልም ይባላል። ከካርቶን ሊሠራ ይችላል። የዋናው ዕቃ 10 ሳንቲ ሜትር በአምሳያው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የቁም ሣጥኑ ቁመት 200፣ ወርዱ 120፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የአምሳያው ቁመት 20፣ ወርዱ 12፣ ጥልቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ደንበኛው በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል። «መደርደሪያው 3 ይሁንልኝ» ቢል፣ ካርቶን መለወጥ አይከብድም።

አምሳያው ሌላም ጥቅም አለው። የቤቱ ኮርኒስ ከፍታ 205 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ቁም ሣጥኑ 200 ስለሆነ ይበቃዋል እንላለን። ነገር ግን ዕቃው በበር የሚገባው ተጋድሞ ነው። ሊቆም ሲል ማዕዘኑ እስከ 209 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ኮርኒሱ ይይዘዋል። አምሳያውን ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ካርቶን ውስጥ አጋድመን ብናቆመው ይህን እናያለን። ያን ጊዜ ቁመቱን እንቀንሳለን፤ ወይም ዕቃው ቤት ውስጥ እንዲገጣጠም እናደርጋለን።

አምሳያ የእንጨቱን ዓይነት አይናገርም። ዋንዛ ነው? ዝግባ ነው? ይህን፣ ልኩንና ዋጋውን በወረቀት ላይ እንጻፍ። ሁለቱም ወገን አንብበው ይፈርሙ። ማንበብ የቻለ ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ያውቃል እኮ! አበው «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ።

መልመጃ፦ የአንድ ጠረጴዛ ርዝመት 150 ሳንቲ ሜትር ነው። የአምሳያው ርዝመት ስንት ይሆናል? ደብተራችሁ ላይ ሥሩት።