ላም አለኝ በሰማይ

ገበሬው ግብሩን ይከፍላል። ከገበያ ሳሙናና ጨርቅ የምትገዛውም እናት፣ ልብ ባትለውም፣ ከዋጋው ጋር ቀረጥ ትከፍላለች። ከዚህ ገንዘብ ከፊሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመጣና የመምህሩ ደመወዝ፣ የላቦራቶሪው ዕቃ፣ ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣው መኪና ነዳጅ ይሆናል። ጥናቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን በውጭ አገር መጽሔት ይታተማል፤ ከፋዩ ሕዝብ ላንብበው ቢል እንደ ገና ክፈል ይባላል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይኸንን የመሰለውን ሀብት ነው።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ለመጽሔቱ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ጽሑፉን መርምረው ይታተም ወይም ይታረም የሚሉት ምሁራንም አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት ያለ ክፍያ ነው። አሳታሚው ያቀናብርና ያንኑ ጽሑፍ ላስገኙት ዩኒቨርሲቲዎች መልሶ በውድ ዋጋ ይሸጣል። የዩኒቨርሲቲ አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ለአንዲት ጽሑፍ ብቻ ሠላሳና አርባ የአሜሪካ ዶላር ይጠየቃል። ጻፊውም መርማሪውም ሳይከፈላቸው አንባቢው የሚከፍልበት ንግድ ነው።

ይህ የምሁራን የእርስ በርስ ክርክር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር የላይቤሪያን ነገር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1982 የጀርመን ተመራማሪዎች ከላይቤሪያ ሰዎች የተወሰደ ደም መርምረው፣ አገሪቱ የኢቦላ በሽታ ከሚገኝባቸው አገሮች ጋር ልትቆጠር ይገባል ሲሉ በአንድ የአውሮፓ መጽሔት ጻፉ። ከጻፊዎቹ መካከል አንድም ላይቤሪያዊ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ወረርሽኙ ሲገባ አገሪቱን ሳትዘጋጅ አገኛት፤ በሺሕ የሚቆጠር ሰው አለቀ። በዓመቱ የላይቤሪያ የጤና ሹማምንት በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደ ገለጹት፣ ከእነዚያ ጽሑፎች አንዱን ለማውጣት 45 ዶላር ያስፈልግ ነበር፤ ይኸውም የአንድ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ያህል ነው። ዋጋው ብቻ ያን ሁሉ ሰው ገደለ አንልም። ነገር ግን ደሙን የሰጠው ሕዝብ የደሙን ምስክርነት ሳይሰማ መቅረቱ እውነት ነው።

ዕውቀት ከሕዝብ የሚወጣ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በወራጁ ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና፣ ከዚያ የተነሣው ምርምር ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። የጥናቱ መነሻ ግን የአጣቢዎቹ እናቶች ልማድ ነበረ። የእነዚያ እናቶች የልጅ ልጅ ዛሬ ስለ እንዶድ የተጻፈውን ላንብብ ብትል ክፈይ ልትባል ይገባልን?

አንዳንዶች «ለድሆች አገሮች እኮ በነጻ ይሰጣል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ በሚባለው መርሐ ግብር አሳታሚዎች የሕክምና መጽሔቶቻቸውን ለድሆች አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በቅናሽ ከፍተዋል። እናመሰግናለን። ነገር ግን ይህ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊያቋርጠው የሚችል ምጽዋት ነው። የሚከፈተውም ለተመዘገበ ተቋም እንጂ ለገበሬው፣ ለገጠሩ መምህር፣ ተመርቆ ሥራ ለሚፈልገው ወጣት አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ማተም ወጪ አለው፤ ማን ይክፈል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሁሉ ክፍት ነን ከሚሉት መጽሔቶች ብዙዎቹ ወጪውን ከአንባቢው ትከሻ አንሥተው በጻፊው ላይ ጭነውታል፤ ከሺሕ ዶላር በላይ የሚጠይቁም አሉ። ይህ ለእኛ መምህራን አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን መዝጋት ነው። ስለዚህ ለድሃ አገር የሚሻለው፣ ተመራማሪው ተመርምሮ ያለፈውን የመጨረሻ ረቂቁን በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ማስቀመጥ ነው። ወጪውም ትንሽ ነው።

መንገዱም አዲስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ በብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋሟ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ በ12 ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲከፈት አዘዘች። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ወዲህ የመቆያው ጊዜ ቀርቶ፣ ጽሑፉ እንደ ታተመ ወዲያው እንዲከፈት ሆኗል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2019 በጊዜው የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻና በየተቋሙ ማከማቻ እንዲገባ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው አለን፤ መመሪያ ግን በራሱ እግር አይሄድም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የትኛው ክፍል ጥናቱን እንዳስገባና የትኛው እንዳላስገባ በየዓመቱ በግልጽ ያስታውቅ። መምህራን ለዕድገት ጽሑፋቸውን ሲያቀርቡ በማከማቻው ለመገኘቱ ማስረጃ ያያይዙ። ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ጥናቱ በተደረገበት አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ፣ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ የተከፈተ በር እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ያው የተዘጋ ነውና። የበሽተኞች ምስጢርና ሕዝብ በባህሉ ጠብቆ የያዘው ዕውቀት ግን እንደ ተጠበቀ ይኑር።

ወገኖቻችን ተማሪዎች ሆይ፣ ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንንም እንመልከት። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለማዕረጉ ብለን ጽፈን፣ አስጠርዘን፣ በመደርደሪያ አቧራ የምናስበላ እኛው ነን። መጠይቃችንን ይዘን ከደጁ ስንቆም ሥራውን ትቶ፣ ቡና አፍልቶ የመለሰልን ገበሬ «ምን አገኛችሁ?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ የለንም። በዚህ ዓመት ከእኛ የሚመረቅ ሁሉ ጽሑፉን ለማከማቻው ሳያስረክብ፣ ያገኘውንም ለጠየቃቸው ሰዎች ሳይነግር ጋውን አይልበስ። ከአስተዳደሩ የምንጠይቀውን መጀመሪያ በእጃችን ባለው እናሳይ።