ሳሎን ውስጥ የተከፈተ ጓዳ

ዛሬ የማወጋችሁ የራሴን ጥፋት ነው። አትሳቁብኝ፤ ነገ በእናንተም ቤት ሊደርስ ይችላል።

ለገና በዓል መካነ ሰላም፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። የቦረናን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሲመሽ ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥኑን ይከባል። እኔም የከተማ ሰውነቴን ላሳይ ብዬ ከአዲስ አበባ አንድሮይድ ቦክስ ይዤ ሄጄ "ኮዲ" የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩላቸው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ኮዲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ድሮ "ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር" ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስሙ ተቀየረ። በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ያላችሁን ፊልም፣ ዘፈንና ፎቶ ቴሌቪዥን ላይ ደርድሮ በሪሞት ያስመርጣችኋል። ለዚህ ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን ለሚያስታውስ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኮዲ ራሱ ግን ባዶ ቤት ነው፤ ፊልም ይዞ አይመጣም። የሚያሳየው የሰጣችሁትን ነው።

ጉዱ የመጣውም እዚህ ላይ ነው! የአክስቴ ልጅ የእህቱን ሠርግ ሊያሳየን ዲስኩን ሰካ። "የቱን ፎልደር ላስገባ?" ሲለኝ "ሙሉውን አስገባው ባክህ!" አልኩት። ኮዲ ደግሞ ከየቪዲዮው አንድ አንድ ምስል እየወሰደ ዝርዝሩ ላይ ያሳያል። ከሠርጉ ጎን እሱና ፍቅረኛው ተቃቅፈው ብቅ አሉ! ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤት አተኩረው አዩና "ይቺ የወንድሜ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አሉ። ቤቱ ፀጥ... እኔ ሪሞቱ የት እንደገባ ጠፋኝ።

እሱማ "ወንድ አይደል" ተብሎ ታለፈ። ዕዳውን የከፈለችው እሷ ናት። በማግስቱ ወላጆቿ ፊት ቆማ ተሰደበች፤ የእሱንም ስልክ ማንሳት አቆመች። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ልጅ እንቅልፍ አጥቶ "ምን ላድርግ?" አለኝ።

"መጀመሪያ እሷን ይቅርታ ጠይቅ" አልኩት። "እሷ ሳትፈቅድ ሽማግሌ አትላክ። ሽማግሌ የጥፋት መሸፈኛ አይደለም። ቪዲዮውንም አጥፋው ካለችህ ዛሬውኑ አጥፋው።" እኔም ደወልኩላት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና "እኔን እኮ ማንም አልጠየቀኝም" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተ ግን ከእኔ ተማሩ። ሙሉ ዲስክ ኮዲ ላይ አታስገቡ። "ሳሎን" የሚል ፎልደር ክፈቱ፤ እናት አባት ፊት የሚታየውን እዚያ ውስጥ አድርጉና ያንን ብቻ አስገቡ። "ፕሮፋይል" የሚለው ማስተካከያ ውስጥም "ማስተር ሎክ" የሚባል የሚስጥር ቁጥር አለ፤ ለየሰዉ የራሱን ክፍል ለይታችሁ መቆለፍ ትችላላችሁ። ግን አትታለሉ! ቁልፉ የኮዲ እንጂ የዲስኩ አይደለም። ዲስኩ ተነቅሎ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ የጓዳ ነገር ሳሎን በሚገባ ዲስክ ላይ አይቀመጥ። የሁለት ሰው ምስል ባለቤቱም ሁለት ነው፤ አንዱ ብቻውን አያዝበትም።

ልጁ ይቅርታውን ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። ሽማግሌም አልላከም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!